በይማም ድምፅ ላይ የቀዳሁት ዘፈን

በሕይወቴ ብዙ ነገር አጥፍቻለሁ። አብዛኛውን ወይ ክሼዋለሁ፣ ወይ ይቅርታ ጠይቄበታለሁ፣ ወይ ከነጭራሹ ረስቼዋለሁ። አንዱ ግን ከሦስቱም አልሆን ብሎ አብሮኝ ኖሯል። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ተጀምሮ ሐሙስ ጧት ያለቀ ነገር ነው። ሰው አልሞተበትም፣ ቤት አልተቃጠለበትም። የጠፋው አንድ ካሴት ነው። ታገሱኝና ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እኔን ደሴ ላይ ጥሎ ጓደኞቼን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄዷል። ቀበሌው ወጣቱን በየሳምንቱ እየሰበሰበ “ተደራጁ” ይላል፤ ከፊሉ ብሎኬት ሊያመርት፣ ከፊሉ ከብት ሊያደልብ ይደራጃል። እኔ ገጣሚ ነኝ ብዬ ስላመንኩ አልተደራጀሁም። ማንም አላስተማረኝም። በኪራይ ከማነባቸው መጻሕፍት ቤት መምታት ለምጄ ሦስት ደብተር ሙሉ ግጥም ጽፌ ነበር። ደሴ ውስጥ ከአንተ የሚበልጥ አለ ቢሉኝ፣ ስሙን ለማወቅ እንኳ የምጠይቅ አልነበርኩም።

ውሎዬ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ሙሄ ሙዚቃ ቤት ነው። ሙሄ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ግድግዳው ላይ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ካሴት፣ ጥግ ላይ ሲዲ የሚገለብጥ አንድ ኮምፒውተር፣ መግቢያው ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወደ መንገዱ የሚጮህ ስፒከር አለው።

“ገጣሚዎች ተደራጁ ብትባሉም እኮ አይሆንላችሁም” ይለኛል። “ሊቀ መንበሩ ማን ይሁን ብላችሁ ትገዳደላላችሁ።”

ሙዚቃ ቤቱ አንድ ልማድ ነበረው። ዘመኑ ሲዲ ካሴትን ማባረር የጀመረበት ነው። ሰው ያረጀ፣ የሚንሻሻ ካሴቱን ይዞ “በሲዲ አድርጉልኝ” ብሎ ይመጣል። እኛ ያመጣውን ጩኸት አንገለብጥለትም። ያንኑ ዘፈን ጥርት ካለ ቅጂ ፈልገን ሲዲው ላይ እናደርግለታለን። ከዚያ ለምርቃት፣ ጥርት ያለውን በገዛ ካሴቱ ላይ መልሰን እንቀዳበታለን። ካሴቱ አናት ላይ ያለችውን፣ እንዳይቀዳበት የምትከለክለውን ቀዳዳ በፕላስተር ቁራጭ መድፈን ብቻ ነው። ደንበኛው ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው አሮጌው ካሴት እንደ አዲስ ያዜማል። “ሰው ያመጣውን ሳይሆን ማምጣት የፈለገውን ስጠው” ይል ነበር ሙሄ። እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ የተቆጣን ደንበኛ አልነበረም።

አሁን ስለ ዘፈኖቹ ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ከመጡ ሲዲዎች በአንዱ ላይ፣ በእስክሪብቶ “የፊልም ዘፈን” ተብሎ ከተጻፈበት፣ የአንድ አሮጌ የአሜሪካ ፊልም ዘፈኖች በሙሉ ነበሩ። ፊልሙን አላየሁትም። ሰው ሲከፋውም፣ ሲርበውም፣ መንገድ ሲያቋርጥም ከሚዘፍንባቸው ፊልሞች አንዱ ነው። ሙሄ “ይኼን ማን ይገዛል?” ብሎ ሊጥለው ሲል ነው የያዝኩት።

ከዚያ በኋላ ለወራት ከእሱ ሌላ አልሰማሁም ማለት እችላለሁ። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ቫዮሊኖቹ በአንድ ላይ ሲነሱ፣ ከሐረጎ ገደል ሥር ተነስቶ ጦሳ ተራራ አናት ላይ የሚተኛውን ጭጋግ ይመስሉኛል። ጥሩምባዎቹ ጭጋጉን ሰንጥቃ የምትወጣ የጧት ፀሐይ ናቸው። አንድ ዘፈን መካከል ላይ ሙዚቃው ሁሉ ድንገት ይቆምና ጫማ ብቻ ይቀራል፤ ጣውላ ላይ የሚረግጥ፣ የሚንጠባጠብ፣ ሮጦ የሚመለስ ጫማ። ከበሮውን እግሩ ላይ ያሰረ ሰው! እንግሊዝኛዬ ከአሥር ቃል አንዱን ነው የሚይዘው። የቀረውን እኔው እሞላዋለሁ፤ ለሴትየዋ ቤት እሠራላታለሁ፣ ለሰውየው ባሕር። ዓይኔን ስገልጥ ቧንቧ ውሃ ላይ ካፊያ ይዘንባል፣ አህያ ያልፋል፣ ሁሉም ነገር ወደ ዘፈን ሊገባ ትንሽ የቀረው ይመስለኛል።

አንድ ቀን ደግሞ ከዘፈኖቹ የአንዱ ዜማ አወራረድ የባቲን ቅኝት ሲመስለኝ አበድኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ጎን ለጎን አድርጌ የክራር ባቲ ከሥሩ አስገባሁለት። ጫማው ብቻውን በሚቀርበት ቦታ ከሠርግ ካሴት የወሰድኩትን የወሎ ጭብጨባ ጨመርኩ። አይገጥምም ነበር፤ ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ ሳዘገያቸው ግን እጅና እግር ተጨባበጡ። ሙሄ ሰምቶ አፉን ያዘ።

“ወላሂ፣ ይኼ ፈረንጅ አማቱ የወሎ ቦረና ናቸው!” አለ።

እንግዲህ እንዲህ በደመና ላይ በምሄድበት ሰሞን ነው፣ ያ ማክሰኞ የመጣው።

ረፋድ ላይ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ሹፌር በር ላይ ቆሞ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። “ከታች የተላከ ነው” ብሎ ሄደ። ሻሹ ውስጥ አንድ ካሴትና አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነበሩ። “ይህን የፊልም ዘፈን በሲዲ አድርጉልኝ። ሐሙስ ጧት በጣም አስፈላጊ ጉዞ አለብኝ፤ አደራ። ሰዓዳ ይማም።” ካሴቱን ከፈትኩት። መጀመሪያ ሹሹታ፣ ቀጥሎ የወንበር ሲጢጥታና ሳል፤ ከዚያ ቫዮሊኖቹ ተነሱ። የእኔ ቫዮሊኖች! በዚህ አገር እነሱን የማውቅ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበርና ከወንበሬ ዘለልኩ። ግን የሆነ ሰው በላያቸው ላይ ይለፈልፋል። አዳራሽ ውስጥ የተቀዳ ነው፤ ሕዝቡ ይስቃል፣ ሰውየው አያቆምም። አንድ ደቂቃ ያህል ታገስኩና ተናደድኩ። እንዲህ ያለ ሙዚቃ ላይ አፉን የሚከፍት ምን ዓይነት ሰው ነው? ልጅቷስ ስንት ዓመት ይህን ለፍላፊ ታግሳ ዘፈኑን ስትሰማ ኖረች?

አሳዘነችኝ፣ ላስደስታት ወሰንኩ። ጥርት ያለውን ሲዲ ላይ አደረግሁላት። የእኔን ባቲ ያለበትን ቅልቅል መጨረሻ ላይ ጨመርኩላት። ከዚያ የካሴቱን ቀዳዳ በፕላስተር ደፈንኩና፣ በለፍላፊው ላይ ንጹሑን ዘፈን ቀዳሁበት። ሲቀዳ አጠገቡ ተቀምጬ አፏጭ ነበር።

ረቡዕ ጧት የሙዚቃ ቤቱ ስልክ ጮኸ።

“ሙሄ ሙዚቃ ቤት ነው? ሰዓዳ ነኝ፣ ከኮምቦልቻ። ካሴት ልኬ ነበር፣ ደረሳችሁ?”

“ደርሶ፣ ተሠርቶ፣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል” አልኳት ኮራ ብዬ።

“ማሻአላህ! አላህ ይስጥልኝ። እ… የአባቴ ድምፅ በደንብ ይሰማል?”

“የማን?”

“የአባቴ። ከዘፈኑ ጋር የሚናገረው። እሱ እኮ ነው አባቴ። የሞተው አራት ዓመቴ ላይ ነው፣ መልኩን አላስታውሰውም። ልጅ ሆኜ በዒድ በዒድ እንከፍተው ነበር፤ ማጫወቻችን ከተሰበረ ወዲህ አልሰማሁትም። ነገ ለሥራ ወደ ቤሩት እነሳለሁ። እዚያ ሲዲ ማጫወቻ የሌለበት ቤት የለም ሲሉኝ ነው…” ቆመች። “ይሰማል አይደል?”

ውጭ አንድ ሊስትሮ ሳጥኑን ይቀጠቅጣል። እያንዳንዷን ምት ሰማኋት።

“ይሰማል” አልኩ።

ስልኩን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ሙሄ ሲገባ መሬት ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። ነገርኩት።

“ቅጂ አላስቀረህም?”

“አላስቀረሁም።”

“ኮምፒውተሩ ላይም?”

“የትም።”

“ያ ረቢ!” ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ሙሄ ቀልድ ያጣበትን ቀን ያየሁት ያኔ ነው።

ካሴቱን ከፍተን ተቀመጥን። ዘፈኖቹ ተራ በተራ አለፉ፣ ጥርት ብለው፤ ጠላኋቸው። የመጨረሻው ሲያልቅ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። የእኔ ቅጂ ከካሴቱ አንድ ፊት ርዝመት ያጠረ ነበርና መጨረሻውን አልነካውም። ሹሹታው ተመለሰ፤ ወንበሩ፣ ሳሉ። ከዚያ የሰውየው ድምፅ መጣ፤ ወፍራም፣ የማይቸኩል፣ ፈገግ ያለ።

“ጓዶች፣ ልጁ አሁን ከሥራ ተባሯል። አለቃው ክፉ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ታውቁታላችሁ።” አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። “መንገድ ላይ ብቻውን ነው። ጭጋግ ነው። ሴትየዋን ያስባል። ምን ይላል መሰላችሁ?” ፊልሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ በእንግሊዝኛ መዝፈን ሲጀምር፣ እሱ በዜማው መካከል፣ ትንፋሽ በሚወሰድባት ቦታ ላይ፣

የሐረጎ ጭጋግ መንገዱን ቢጋርደው፣
እግሬ መች ይስታል፣ ደጅሽን ለመደው።

አለ። ከአሥር ቃል አንዱን በሚይዘው እንግሊዝኛዬ እንኳ፣ ዘፈኑ ስለ መርከብ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰውየው እየተረጎመ አልነበረም። እየገጠመ ነበር። ያውም ቆሞ፣ በሕዝብ ፊት፣ ከማያቆም ሙዚቃ ጋር። ስድስት ደቂቃ ያህል ቀጠለና ካሴቱ አለቀ።

“ከዚህ በፊት ያለው ሁሉ እንዲህ ነበር ማለት ነው?” አለ ሙሄ ቀስ ብሎ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ መላ መጣለት። “አንተ ገጣሚ አይደለህ? ግጠም። ድምፅህን አወፍርልሃለሁ፣ ሹሹታም ከታች እጨምርበታለሁ። ልጅቷ ልጅ ሆና ነው የሰማችው፤ በምን ታውቀዋለች?”

አላፍርም፣ ሞክሬዋለሁ። እስከ ምሳ ሰዓት ሰባት ስንኝ ጻፍኩ፣ ቃላቸው የከበደ፣ ቤታቸው የሚመታ። ማይክሮፎኑ ላይ አነበብኳቸው። ከይማም ቀጥለን ሰማናቸው። የእኔ ግጥም ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ገመድ ላይ የተሰቀለ ልብስ ነበር። የእሱን ግን ሰው ለብሶታል።

“ይቅር” አልኩ። “ልወርድ ነው።”

“ወርደህ ምን ልትላት?”

“እንጃ። ይችን ስድስት ደቂቃ ላሰማት፣ ከዚያ የፈለገችውን ታድርገኝ።”

“አብሽር” አለኝ፤ ወሎ ውስጥ አይዞህ ማለት ነው። ከመደርደሪያው ትልቁን ካሴት ማጫወቻ አውርዶ አሸከመኝ። ግጥም ስጽፍ የምናገርባትን ትንሿን መቅረጫም ኪሴ ከተትኩ፤ ለምን እንደያዝኳት ያኔ አልገባኝም።

ሐረጎን የወረደ ያውቀዋል። ደሴ ላይ ጃኬትህን እስከ አገጭህ ዘግተህ ትነሳለህ፤ መንገዱ እንደ እባብ ሲጠማዘዝ አንድ መታጠፊያ ላይ ጭጋጉ ከላይህ ይቀራል፣ ሌላው ላይ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ያንቀላፋል። እኔ ማጫወቻውን እንደ ታመመ ልጅ አቅፌ፣ ከንፈሬ ብቻውን “ደጅሽን ለመደው” ይላል። መንገዱ ባያልቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ቤቱ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ ነው። በሩን የከፈተችልኝ ቀጭን ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ አይበልጥም። ከኋላዋ በገመድ የታሰረ ሻንጣ ቆሟል።

“ራስህ አመጣኸው? ኧረ በአላህ፣ እኔ በሚኒባስ ትልኩታላችሁ ብዬ ነበር። ግባ፣ ግባ።”

ቆሜ ነገርኳት። ለማሳጠር ስል በጣም በፍጥነት፣ ወለሉን እያየሁ። ስጨርስ ሻንጣው ላይ ተቀመጠች።

“ዛሬ ጧት ‘ይሰማል’ አላልከኝም?”

“ብዬሻለሁ።”

“ልትዋሽ ይህን ሁሉ መንገድ ወረድክ?”

“እውነቱን ልነግርሽ ነው የወረድኩት።”

“እውነትህ ምን ያደርግልኛል?” አለች። አልጮኸችም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ነው ጥግ ላይ ሴት መኖራቸውን ያስተዋልኩት። እናቷ እትዬ ዘይነባ ናቸው። ከመስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብለው ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አልነቀሉም። “ምን አለ? አጎንብሶ አየሁት፣ ምንም አልያዝኩ” አሉ፣ ከፍ ዝቅ በማይል ድምፅ።

“እማ አትሰማም” አለችኝ ሰዓዳ። “ፋብሪካው ውስጥ ሃያ ዓመት ሸመነች፤ ማሽኑ ጆሮዋን በላው። ከንፈር ነው የምታነበው። ሸማኔዎቹ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያወሩት፣ ጩኸቱ አያሰማማ። ቀና ብለህ ንገራት። አንተው ንገራት።”

አንባቢዎቼ፣ ለሚሰማ ሰው ጥፋትን ዝቅ ባለ ድምፅ መናገር ይቻላል። ጉሮሮን መጥረግ፣ ፊትን ማዞር፣ ቃሉን በጥርስ መካከል ማስቀረት ይቻላል። ከንፈርን ለሚያነብ ሰው ግን እያንዳንዱን ፊደል አፍን ከፍቶ፣ ብርሃን ውስጥ ቆሞ ማለት ግድ ነው። “በባለቤትዎ ድምፅ ላይ ሌላ ቀዳሁበት። ጠፋ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። መጨረሻው ላይ ስድስት ደቂቃ ብቻ ቀረች” አልኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያ ግልጽ አድርጌ የተናገርኩት አንድም ዓረፍተ ነገር አልነበረኝም።

የእትዬ ዘይነባ ዓይን እርጥብ ሆነ፣ እንባው ግን አልወረደም።

“የቱ ቀረ? ጭጋጉ?”

ደነገጥኩ። “አዎ፣ ጭጋጉ። እንዴት አወቁ?”

“መጨረሻው እኮ ነው። የጠፋችው ልብስ የምታሰጣዋ ናታ!”

“ፊልሙን አላየሁትም፣ እትዬ።”

“ሳታየው ነው የምትቀዳው?” አሉና፣ በዚያ ሐዘን መካከል ጥርሳቸው ብልጭ አለ። ከዚያ ፊልሙን ነገሩኝ። ፎቅ ጣሪያ ላይ ቢጫ ልብስ የለበሰች ልጅ ታሰጣለች፤ ከማዶ ጣሪያ አንድ ወጣት ያያታል። ፊልሙ ከንጉሡ ዘመን የቀረ ነበር፤ አንድ መጋዘን ውስጥ ተጥሎ የተገኘ። ይማም የሠራተኛው አዳራሽ ፊልም አሳይ ነበረና፣ ሁልጊዜ የጦርነት ፊልም ሲሰለቻቸው ያንን ያሳያቸው ነበር። ዘፈን ብቻ ስለሆነ ማንም አልከለከለውም። “በስክሪኑ ጎን ማይክሮፎን ይዞ ይቆማል። ትንሽ መብራት ፊቱ ላይ። እኔ ከሥራ በቀጥታ ነው የምገባው፣ ጆሮዬ ውስጥ ማሽኑ ገና አልቆመም። ሰው ፊልሙን ያያል። እኔ…” ወደ ልጃቸው አየት አደረጉና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። “እኔ የሱን አፍ አይ ነበር።”

“እማ!” አለች ሰዓዳ።

“ምን ‘እማ’ ትያለሽ? ገና አልተጋባንም ነበር። ልጅቷ ስታሰጣ እንዲህ ይል ነበር፤

ልብሷን ሰቅላ ሳለች ነፋስ ወሰደባት፣
ልቧን ነፋስ አይደል፣ ያ ልጅ ሰረቀባት።

ከዚያ ሰው ሲስቅ ወደ እኔ ይዞርና ማይክሮፎኑን ያወርደዋል። ድምፅ ሳያወጣ፣ በከንፈሩ ብቻ፣

የማሽኑ ጩኸት ድምፅሽን ቢነሳኝ፣
ከንፈርሽ ያለኝን ማን መጥቶ ያስረሳኝ!

ይለኛል። ይኼ ካሴቱ ላይ አልነበረም። ማንም አልሰማውም።”

ሰዓዳ እናቷን እንደ አዲስ ሰው ታያቸዋለች። እኔ ቆሜ፣ ደሴ ላይ የተውኳቸውን ሦስት ደብተሮች አስቤ ጆሮዬ ጋለ።

“እትዬ” አልኩ ፊታቸው ላይ ቀና ብዬ፣ “ሁሉንም ያስታውሱታል?”

“ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። የረሳሁት ቢኖር እጁ ነው።”

ጥርት ያለውን ዘፈን የቀዳሁበትን ካሴት ማጫወቻው ውስጥ አስገብቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ትንሿን መቅረጫ ከኪሴ አውጥቼ ከፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ አኖርኳት። ይማምም የቀዳው እንደዚሁ ነበር አሉ፤ መቅረጫውን ከስፒከር ፊት አስቀምጦ። እትዬ ዘይነባ መሬት ላይ ተቀመጡና መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ ዘረጉ። ቫዮሊኖቹ ተነሱ። መጀመሪያ ቸኮሉ፤ ከዘፈኑ ቀደሙ። መልሰን ጀመርን። በሁለተኛው ዘገዩ። በሦስተኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጣቶቻቸው ስፒከሩን ጫን አሉት፣ ትንፋሽ በሚወሰድባት ቦታ ላይ ልክ ገቡ። “ጓዶች” አሉ፣ የባላቸውን አነጋገር ይዘው፣ “ልጅቷ አሁን ጣሪያ ላይ ናት…”

ጫማ ብቻ የሚቀርበት ዘፈን ሲደርስ መዳፋቸው ስፒከሩ ላይ መምታት ጀመረ። ውጭ የጎረቤት ፍየል ጮኸች። የፋብሪካው ሳይረን ፈረቃ ሊለውጥ ነፋ። አንዲት ሴት “ዘይነባ ምን ሆናለች?” እያለች በበሩ ገባችና ሰዓዳ በምልክት ዝም አሰኘቻት። ሁሉም ተቀዳ። በቀድሞ ሕልሜ ውስጥ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ የሠራሁላቸው ሰዎች ሁሉ ባዶ ቤታቸውን ለቅቀው ወደዚህች አንድ ክፍል የገቡ መሰለኝ። ባሕሩም እዚህ ነበር፣ ጣሪያውም።

ሰዓዳ እስከ መጨረሻው አለቀሰች። በመጨረሻ ስድስቱን ደቂቃ ስከፍትላት ግን አላለቀሰችም። ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ አስጠግታ፣ እስትንፋሷን ይዛ፣ ሁለት ጊዜ ሰማችው።

ሲመሽ ወደ ደሴ ተመለስኩ። በማግስቱ ሳይነጋ ሙሄ ሱቁን ከፍቶልኝ፣ የእትዬ ዘይነባን ቅጂና ስድስቱን ደቂቃ በሲዲ ላደርግ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ሹሹታን ማጥፋት አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ፍየሏን ማጥፋትም ይቻል ነበር። ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየና ተመለሰ። የራሴን ባቲ ያለበትን ቅልቅል ግን አወጣሁት፤ እዚያ ሲዲ ላይ ቦታ አልነበረውም።

የአዲስ አበባው አውቶቡስ ከደሴ ተነስቶ በኮምቦልቻ ስለሚያልፍ ተሳፈርኩበት። ኮምቦልቻ መናኸሪያ እኔ ስወርድ እሷ ልትወጣ በሩ ላይ ተገናኘን። ሲዲውንና ካሴቱን ሰጠኋት።

“ጩኸቱን አጠፋኸው?”

“አልነካሁትም። ፍየሏም አለች።”

ሳቅ አለች፤ ወዲያው ከለከለችው። “ስማ” አለችኝ። “እማን የሰጠኸኝ አንተ አይደለህም፤ እሷ ናት። አባቴን የወሰድከው ግን አንተ ነህ። እንዳይቀላቀልብህ።”

“አይቀላቀልብኝም” አልኩ።

ረዳቱ “ግቡ፣ ግቡ!” አለ። ገባች። እትዬ ዘይነባ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ በመስኮቱ ውስጥ የልጃቸውን ከንፈር እያዩ ቆሙ። ምን እንዳለቻቸው እኔ አልሰማሁም።

ውድ አንባቢዎች፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። ሦስቱን ደብተሮች አላቃጠልኳቸውም፤ ገጣሚ ነን ባዮች ማቃጠል ስለምንወድ ሆን ብዬ አስቀመጥኳቸው። የተለወጠው ሌላ ነው። በዚህ አገር የሚገጥም ሰው አለ ሲሉኝ ዛሬ ስሙን እጠይቃለሁ፤ ቤቱንም። ትንሿ መቅረጫ ተበላሽታ ሌላ ገዝቻለሁ፤ ፈትል የሚፈትሉ፣ ሹፌሮች፣ ሠርግ አሞቂዎች ዘንድ ይዣት እሄዳለሁ። ሙሄም ሱቁ ግድግዳ ላይ “እስከ ጫፉ ሳይሰማ አይቀዳበትም” ብሎ ለጥፎ ነበር። እኔ ያንን አሮጌ ፊልም እስካሁን አላየሁትም። ቅጂው ተገኝቶልኝ ያውቃል፤ አልከፈትኩትም። የማውቀው ፊልም የእትዬ ዘይነባ ነው፣ ሌላ እንዲቀዳበት አልፈልግም። ይቅርታ ተደርጎልህ ይሆን ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሱን አላውቀውም።

ሰዓዳ ከሄደች ከሦስት ወር በኋላ የሱቁ ስልክ ጮኸ። እናቷ ስልክ መስማት ስለማይችሉ ሌላ የምትደውልበት አልነበራትም። ድምፅዋ ከሩቅ ነው። “ደህና ናት በላት” አለችኝ። “እጄን በካውያ ተቃጥያለሁ፤ እሱን እንዳትነግራት። እንቅልፍም የለም። ሲዲውን ወጥ ቤት ውስጥ እከፍተዋለሁ፣ የአሠሪዬ የመዳም ልጆች ፍየሏ ስትጮህ ይስቃሉ። ደህና ናት በላት፣ እሺ?”

በዚያው ቀን ሐረጎን ወረድኩ። እትዬ ዘይነባ ብርሃኑ ፊቴ ላይ እንዲያርፍ አድርገው መስኮቱ ፊት አስቀመጡኝ።

“ሰዓዳ ደወለች። ደህና ናት” አልኩ።

ከንፈሬን አዩ። ዓይኔን አዩ። መልሰው ከንፈሬን አዩ።

“ልጄ” አሉኝ፣ “ይማም አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አያውቅም ነበር። ያ ሁሉ አዳራሽ አምኖት፣ ያወቅኩበት እኔ ብቻ ነበርኩ። በል፣ እንደገና ንገረኝ።”

ቀና አልኩና፣ ከተቃጠለው እጇ ጀመርኩ።